በእግር የሚታወቅ

ሥራዬ ሰርግ ነው፤ ናታንያ ከተማ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
«አገጭሽን ቀና፣ ትከሻሽን ዘና፣ አሁን ደግሞ ፈገግታ።»
ሙሽራ ታዛዥ ነው፣ ቁም ሲሉት ይቆማል፣
የተኳረፈ ወንድም እንኳ ካሜራ ፊት ይተቃቀፋል።

ተራራ ግን እንቢኝ አለ።
ሦስት ጊዜ ሄድኩኝ፣ ሦስቴም አታለለ፦
አንዴ አቧራ ለብሶ፣
አንዴ ዝናብ ይዞ፣ መንገዱን አጥሮ፣ ባዶ እጄን መልሶ፣
አንዴ ደግሞ ጥርት፣ ኩልል ብሎ ወጥቶ፣
የእኔ ባትሪ ሞቶ።

በአራተኛው ጉዞ አባቴ «ልምጣ» አለ፤
አዛናው አባቴ፣ ጉልበቱ የዛለ፣
ከሐኪም ቤት በቀር ደጅ የማይወጣ፣
ከዘራውን ይዞ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ከእኔ ቀድሞ መጣ።
«ምን ልታይ ነው?» ስለው፣
«አንቺስ?» አለኝ መልሶ።
እስከ ቤርሳቤህ ድረስ ሬዲዮው ብቻ ነው ያወራው።

ሚጽፔ ራሞን ደረስን ገና ሳይነጋጋ።
ባለ ሦስት እግሩን ተከልኩ ከገደሉ አፋፍ ጋ፣
ለእሱ ታጣፊ ወንበር፣ ብርድ ልብስ ደረብኩለት፤
ከታች ግን ምን አለ? ያ ሁሉ ጥልቀት
እንደ ፈላ ወተት ጭጋግ ገንፍሎበት።

ጠበቅን።
ቀንደ ቆልማማ፣ የዋልያ ዘመድ፣ የበረሃው ፍየል
(በዚች ከተማ በእግረኛ መንገድ እንደ ጎረቤት ያልፋል፣
የሰው ጽጌረዳ ቀጥፎ ይበላል፣ ሃይ ባይ የለውም)
የሌንሴን ክዳን አሽትቶ፣ ንቆ፣ ወደ ገደሉ ወረደ።

ከዚያ ጭጋጉ ከዳር ተተረተረ።
ቀዩ ድንጋይ ወጣ፣ ቢጫው ድንጋይ ወጣ፣
ጥቁሩ ኮረብታ ረጅም ጥላውን እየጎተተ መጣ።
ጣቴ አላረፈም፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
ሰማዩን ቀነስኩ፣ ገደሉን ጨመርኩ፣
«ትንሽ ወደ ግራ» ልለው ምንም አልቀረኝ።
ዞርኩና «አባዬ፣ አያምርም?» አልኩ።

ዝም።
ዓይኑ ከሸንተረር ሸንተረር ይሄዳል፣
ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው ይመለስና ደግሞ ይፈልጋል።
ከዚያ ከዘራውን አነሳ፦
«በዚያ በኩል ይወረዳል። በዚህ አይወረድም።
ያ ጥላ ማረፊያ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠና ከደረሱበት።
ውሃው ደግሞ ወደዚያ ነው፣ ፍየሉ ወደሄደበት።
ልጅ ያዘለች ሴት ግን፣ እዚያ መታጠፊያው ላይ፣ ትቸገራለች።»

«ማን ይወርዳል አባዬ? እኛ የመጣነው ለማየት ነው።»

«ለማየት።»
ቃሉን እንደ ጥሬ ባቄላ ከጥርስ ጥርስ አገላበጠው።
«እኛ ተራራ አላየንም። ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተኝተን፣
የሄድነው ሌት ሌት ነው፣ የፊተኛውን ልብስ ጨብጠን።
እስከ ሱዳን ስንት እንዳለፍን እግሬን ብትጠይቂው
አንድ በአንድ ይነግርሻል።
ዓይኔ ግን አንዱንም አያውቀው።
ምናልባት ያምሩ ነበር።»

የምመልሰው ጠፋኝ።
ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት፤ «እስኪ አንተ አንሳ።»
ከወንበሩ ተነሳ፣
በመመልከቻው እንኳ አላየም፤
ሌንሱን ወደ መሬት ደፋ፣ አንዴ ቀጭ አደረገ፣ መለሰልኝ።
«በቃ። ቁርሱ የት ነው?» አለኝ።

ማታ ናታንያ ገብቼ ፎቶዎቹን ከፈትኩ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
የእኔዎቹ ያማልላሉ፤ እንደ ሙሽራ ሁሉም ተኩለዋል፣
አንዱን ለአዳራሹ ባለቤት ለግድግዳው ሸጥኩለት።
የእሱ፣ የመጨረሻው፣ ደብዘዝ ያለው፦
የጫማው አፍንጫ፣
የከዘራው ጫፍ፣
የፍየል በጠጥ፣
አንድ የተናጋ ድንጋይ፣
ከእሱ ቀጥሎ አንድ ያልተናጋ ድንጋይ።