ደረሰኝ

ከዋናው ፖስታ ቤት ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ስንጥቅ መስኮቷ ወደ ቸርችል የሚያይ
አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን በኪራይ።

ሥራው እንዲህ ነበር፦ ላቦራቶሪው ውጤት ሲያወጣ
ለታማሚው ስልክ መልእክት እንዲመጣ።
"ማድረሱን ደመናው ያውቃል" አለችኝ ትርሲት፣
"አንቺ ብቻ ጀምሪው፤ ይለቅ በዚህ ሌሊት።"

ጀመርኩ።
መጀመሪያ ቁልፉ፦ ረጅም፣ የተዘበራረቀ ፊደል፣
ለሰው የማይነገር፣ ከኮዱ ጋር የማይቀላቀል።
(ቀላቀልኩት እኔ፤ ትርሲት አይታ ጮኸች፣
ያንን ሰርዛ ሌላ አወጣች።)
ቀጥሎ ላይብረሪው። አንዲት መስመር ናት መመሪያው ላይ፣
"ጫን" ብቻ የምትል፤ ጻፋት የኛን ኔትወርክ ሳያይ።
ዘጠና ሁለት በመቶ ደርሶ ቆመ፣
መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ራውተሩ ታመመ፤
በስልኬ ዳታ፣ በሌሊት ጥቅል፣
ከዜሮ ጀምሮ ጠብ ጠብ ሲል
አራት ሰዓት ሆነ።

ከታች፣ የታክሲው ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ
"ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!" ይላል፣ ግማሽ ወንበር ባዶ አስከትሎ።
ያኔ ገባኝ ነገሩ። ላኪ ማለት ይሄ ነው፣
ርዕሱን ብቻ የሚጠራው፤
ማን እንደሚሰማው አያውቅም፣ አይጠይቅም፣
የሜክሲኮ ሰው ዞር አይልም፣
የፒያሳው ግን ከሰልፉ ሮጦ ይመጣል፤
ስም ሳይጠያየቅ ላኪና ተቀባይ ይገናኛል።

አሥራ አንድ መስመር ጻፍኩ።
ርዕስ ከፈትኩ፣ "ውጤት" አልኩት፤
ጆሮ የሚሰጥ አቆምኩ፣ "አዳማጭ" ብዬ ሰየምኩት።
የመጀመሪያዋ መልእክቴ፦ "ሰላም፣ ትሰማኛለህ?"
ላኩ።
ቀይ ጽሑፍ። ፈቃድ የለዎትም።
(የፕሮጀክቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ስቼ ነው፤ ሃያ ደቂቃ በላኝ፣ አላየሁትም።)
ደግሜ ላኩ።
"ሰላም፣ ትሰማኛለህ?"
መጣ! ብቻዬን አጨበጨብኩ።
ትንሽ ቆይቶ፦ "ሰላም፣ ትሰማኛለህ?"
ደግሞ፦ "ሰላም፣ ትሰማኛለህ?"
ደግሞ።

ጋሽ ወልደሃና፣ ጥበቃው፣ ባትሪውን አብርቶ
ቆመ በሩ ላይ፣ ደረጃውን በዝግታ ወጥቶ።
"ልጄ፣ ልቆልፍ ነው" ብሎ ስክሪኑን አየና
"ምንድነው አንዱን ነገር ሰባቴ የሚል?" አለኝ ቀረብ አለና።
"ደርሷል እኮ፤ አይቼዋለሁ፤ መላኩን ግን አይተውም።"

እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ እዚያ ትልቁ ቤት ውስጥ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ሲለይ፣ ሲመርጥ
ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ ነው ወደኛ የተሻገረ።
ሳቀ። ተናገረ፦

"የአደራ ደብዳቤ ነዋ!
ታዲያ ማን ፈረመበት?
ባለቤቱ መዝገቡ ላይ ስሙን ካልጣለበት
ዛሬ ይሄዳል፣ ነገ ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያ።
ማየት መቀበል አይደለም፤ ደረሰኝ በያ!"

ደረሰኝ።
ሱቅ ስገባ ቆርጠው የሚሰጡኝ፣
ቦርሳዬ ውስጥ ተጨማዶ የሚቀር ወረቀት መስሎኝ
አንድም ቀን ቃሉን አላደመጥኩት።
አሥራ ሁለተኛ መስመር አድርጌ ጻፍኩት።
ጸጥ አለ ሁሉ።

ላፕቶፑን ከደንኩ። ስልኬን ሳነሳ
እህቴ አልጋነሽ፣ ከወሊሶ፣ ከሐሙስ ጀምሮ የማትረሳ፦
"ምርመራዬ ወጣ። ደውይ።"
አርብ፦ "ምርመራዬ ወጣ። ደውይ።"
እሑድ ሁለት ጊዜ።
አይቼዋለሁ። በያንዳንዱ ጊዜ
ፈርቼ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት፣
"ሥራ በዝቶብኝ" የሚል ምክንያት አዘጋጀሁት።

ጋሽ ወልደሃና ከፊት በባትሪው እየመራ
ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ በዚያች ጭላንጭል ጮራ
"ደረሰኝ" ብዬ ጻፍኩላት።
አጠፋሁት።
ደወልኩ።

ውጭ ያ ረዳት ዛሬም አንድ ሰው ጎድሎታል፣
ይጠራል።
በጆሮዬም፣ ወሊሶ ላይ፣
ይጠራል።