ውሃ የበላው

ኢንጂነሩ መጣ በሞተር ጀልባ፣
ካርታውን ዘረጋ ድንኳኑ እንደገባ፤
በቀይ እስክሪብቶ የኢንደስን አፍ ከቦ፣
«ይሄ ሁሉ» አለ፣ ቁጥሩን ደራርቦ፣
«ይሄ ሁሉ ጣፋጭ፣ ይሄ ሁሉ ሲሳይ፣
እንዲያው በየዓመቱ ውሃ ይብላው ወይ?
ከእንግዲህ ጠብታ አያልፍም ከበሩ፤
እላይ ይቀርና ይጠጣል አገሩ።»

ኬቲ ባንደር ዝም አለ።

መበለቷ ሱሃጊ ከኋላ ተነሣች፣
የመረብ መርፌዋን ሻሿ ላይ ሰካች።

«እኔ ቁጥር አላውቅም፤ የማውቀው አንድ ዓሣ፣
ፓላ ነው ስሙ፣ ብር ለበስ፣ አጥንቱ አበሳ።
ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ፣
ከሩቅ ያሸተዋል የደለሉን መንገድ፤
ጨዉን ተሰናብቶ ሽቅብ ይዋኛል፣
ከጣፋጩ ገብቶ ዕንቁላሉን ይጥላል።
ወንዙ ዝም ካለ ግን፣ ጌታዬ፣
ሳይጠሩት አቤት የሚል ዓሣ አላየሁም እኔ።

ሽሪምፑም እንዲሁ፤ ጥፍር ሳያክል፣ ገና ጨቅላ ሳለ፣
ማንግሮቭ ሥር ነው፣ ጭቃው ውስጥ፣ ያደረ የዋለ።
ጭቃውን ማን ሰጠን? ተራራ ነው የላከው፤
ወንዝ አዝሎት ወረደ፣ ባሕር ነው ያጠባው።

ዛሬ ወንዙ ቀርቶ ባሕሩ ወጣ፣
ደጄ ድረስ መጥቶ የጉድጓዴን ውሃ ጠጣ።
ሦስቴ ጎጆ ነቀልኩ። የባሌ የቡዶ መቃብር
አሁን ከማዕበሉ ወዲያ ነው።
ውሃ በላው አትበለኝ፤
እኛን የበላን ያልመጣው ነው።»

ሻይ ቀረበለት።
አንዴ ፉት አለና ብርጭቆውን አየው።
ስኳር ጨመረ። ደግሞ ጨመረ።
ጨዉ ከየት እንደሆነ ማንም አልነገረው።

አንድ ነገር ግን ሱሃጊ አልተናገረችም።

የዛሬ ስንት ዓመት፣ እላይ ጎርፉ ግድቡን ጥሶ፣
ሬዲዮው ቀን ከሌት ሲያረዳ፣
ቡናማው ውሃ እዚህ ድረስ ወረደ፣
የሰው በር ይዞ፣ የሰው አልጋ፣
አንድ እግር የሕፃን ጫማ።
በሳምንቱ ፓላው መጣ።

የቡዶን መረብ ከተሰቀለበት አወረደች፤ አይጥ በሳስቶታል።
የሾለከው ሾልኮ አራት ያዘች።
በሩን ዘግታ በላች፣ ያለ ኩራዝ፣
አጥንቱን በምላሷ እየለየች አንድ በአንድ፣
እላይ ማን እንደሞተ ሳታውቅ፣
አልሐምዱሊላህ ለማለት አፍራ፣
ጣቷን እየላሰች።