ግራ ክንድ

ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ማሳው አርፎ ውሏል፤
የጓሳ ነፋስ ግን በዓል አያከብር፣ በር ልስበር ብሏል።
መሐል ሜዳ መንደር ጥራጊ ተቃጥሎ፣
ጢሱ ጤና ጣቢያው አጥር ላይ ይታያል
እንደ አሮጌ ጨርቅ ተንጠልጥሎ።

ኅዳር ሲታጠን ነው፤
ያ የጥንቱ ጉንፋን፣ ቀባሪ ያሳጣው፣
ተመልሶ እንዳይመጣ
በየዓመቱ በጢስ፣ በአሮጌ ጫማ ሶል ሰው የሚቆጣው።

አምስት እርጉዞች፣ በባና ተጀቡነው አግዳሚው ላይ አሉ፤
ስለ ጢሱ ሳይሆን
ስለያዝኩት ሳጥን እርስ በርስ ያወራሉ።

እታፈራሁ ጀመረች፦
«እናቴ ስምንታችንን ስታሳድግ
ነጭ ሽንኩርት ነበር የኛ ቤት መርፌ ስሙ፤
ለጉንፋን ክትባት! ነገ ለማዛጋት
ሊያመጡልን ነው፤ ኧረ እናንተ ስሙ!»

ደብሪቱ ድምጿን ዝቅ፦
«ክንዴ የኔ ብቻ ቢሆን እሰጥሽ ነበረ፤
ሁለት ሰው አለበት፤ አንደኛው ዝም ነው፣
እሺም እምቢም አላለ፣ አልተናገረ።»

«ባሌን ልጠይቀው» አለች ይመኙሻል፤
ባሏ ሸዋ ሮቢት፣ ማሽላ አጨዳ ነው፣
ስልኩም ዝግ ይላል።

አንዲቱ ግን፣
ስሟን ያልነገረችኝ፣ ዝም ብላ ቆይታ፣
«ያስወርዳል» አለች።
ነፋሱ እንኳ በር ላይ ቆመ ላንድ አፍታ።

«አያስወርድም» አልኩ፤ የተማርኩትን ያህል፣ አንድም ሳላጎድል፤
ትኩሳቱ ነው እንጂ ለእናትም ለፅንስም የሚከፋው አልኩ፤
ይሄ ግን ከእናት ደም ተሻግሮ
ሕፃኑን ይጠብቃል፣ ጥርስ እስኪያበቅል።

እሷ ቃሌን ትታ ጋዋኔን አየች፤
ከጋዋኑ ሥር የሰባት ወር ሆዴን፤
«አንቺስ፣ እህት ዓለም፣ ተወግተሻል?» አለች።

ስንት ክንድ ወጋሁ! አንድ ቀን እጄ አልተንቀጠቀጠም።
የራሴ ሲሆን ግን፦
ነገ እላለሁ፤ ከበዓል በኋላ፤
ሌላው ሁሉ ይዳረስ፣ ሳጥኑ ሲሞላ።
አምና በዚህ ወራት የመጀመሪያዬ በሦስት ወሩ ሄደ፤
ሐኪሙም ምክንያቱን አላወቀ።
ምክንያት ያጣ ሰው
መርፌም ይፈራል፣ ደረጃም ይፈራል፣ የራሱንም ጥላ።

አዎን ማለት ይቻል ነበር።
«አይ» አልኳት። «ፈርቼ።»

አምስቱም አዩኝ፤
ደብሪቱ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፤
የባናዋን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጋ
ስድስተኛ አደረገችኝ።

ሳጥኑ ጭኔ ላይ ነው፤ በረዶው በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል፤
ሰዉን የሚያስለው ብርድ
ለብልቃጡ ደግሞ ዕድሜ ይሰጠዋል።
«ጌጡ» ብዬ ጠራሁ፣ ከካርድ ክፍል ማዶ፤
«ናልኝ፣ የኔ እጅ ዛሬ እምቢ አለኝ፣ ከድቶ።»
እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ግራውን።
ያቺ ስሟን ያልነገረችኝ ቀኝ እጄን ያዘች፣
ምጥ ላይ እንደሚያዝ፣ አጥብቃ።

ከኔ ቀጥሎ ደብሪቱ ክንዷን ሰጠች፤ ሌላዋም ተከተለች።
ይመኙሻል ስልኩን ደግማ ሞከረች።
እታፈራሁ «እኔ ሽንኩርቴን» አለችና ወጣች፣ ስቃ።
ያቺ ሴት እጄን ለቀቀች፦
«ነገ መጥቼ አያለሁ» አለች፤
«ሁለታችሁንም።»

ሌሊት፣ ግራዬን ሲጠዘጥዘኝ በቀኜ ዞሬ ተኛሁ፤
ልጁ ሲራገጥ አንድ፣ ሁለት፣ ብዬ ቆጠርኩና ተውኩ።
ራስጌ የሰቀልኳት ነጠላ
ያሮጌ ጫማ ጢስ ትሸታለች።
ነገ በማለዳ
አንዲት ሴት ልታየን ትመጣለች።