ቅኝቱን ዝቅ አርገን

አርባ አንድ ዓመት ኖርን ላንነጋገር ምለን፣
አንድ ያረጀ ስፒከር "ማን ሸጠው?" ተባብለን።
ካፔምብዋ ዘፋኙ ሰባኪ ሆነና
የብረት ጉሮሮውን ለጌታ ሰጠና፤
ሙሶንዳ ከበሮውን ጥሎ ማዕድን ወረደ፣
ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ጆሮው እያነሰ ሄደ፤
እኔ ኪትዌ ገበያ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
የሰው ራዲዮ እየጠገንኩ፣
አንዳንድ ቀን ሳላስበው ስሰማው ዘፈናችንን
ጣቢያውን ቶሎ እቀይራለሁ፣
ዕዳ ያለበት ሰው መንገድ እንደሚቀይር።

ቺሴንጋ ሞተ።
ቀብሩ ላይ ሦስታችን በሦስት ጥግ ቆመን፣
ድስቱ የተነሣበት ጉልቻ መስለን፣
እሳት የለ፣ አመድ የለ፣
ማንም ማንን "እንዴት ነህ" ሳይል ተመለስን።
ቺሴንጋ ሄደ፤ ባሱ ቀረ፤ እኛ ብቻ ባስን።

ካሱባ፣ ሴት ልጁ፣ ባሱን እንደ ሕፃን አዝላ
መጣች ወደ ሱቄ፣ "ድምፁ ጠፋ" ብላ።
ከፍቼ አገላበጥኩት፤ ሽቦው ደህና፣ ብየዳው ደህና፤
"ምኑም አልተነካ" ብዬ ስል ቀና፣
"አውቃለሁ" አለች።
የሁለቱን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈች
በአባቷ እጅ ጽሕፈት፣
ያ ሁሉም ፊደሉ ወደ ግራ የሚያዘነብልበት።

ተገናኘን በማዕድን ሠራተኞች ክበብ።
የሠርግ ወንበር ተቆልሎ በግራ በቀኝ፣
ሙሶንዳ "ልጀምር ወይ?" ሲል ጮኾ ጠየቀኝ፤
አይሰማም፤ ስለዚህ በጣቴ እቆጥርለታለሁ።
ያቺን የድሮዋን ጀመርናት፣
ሃያ ዓመት ሳይሞላን ከማቅለጫው ጢስ ጋር
ወደ ላይ የለቀቅናት።
ካፔምብዋ ጫፏ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ።
ማናችንም አልሳቅን፤
እሱ ብቻ ሳቀ።

"ሁለት ድምፅ ዝቅ አርጉት" አለ፣ "ውረዱልኝ፤
ያንን ጎረምሳ እስከዚያ ድረስ መከተል ይቅርብኝ።"
ክሩን አላላነው።
የላላው ክር ያልጠበቅነውን አመጣ፣
ከሥር፣ ከመሬት ሆድ፣ እንደ መዳብ ከብዶ የሚወጣ፤
ካሱባም በዚያ ላይ አባቷ የሚሞላውን ቦታ ባዶ ተወችው።
"ሙላው እንጂ!" አልኳት።
"እሱ የሞላውን እኔ አልደግምም" አለች።
ተቆጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው
እሷ የተወችው ነበር።

ከሆላንድ ሰው ደወለ፤ አሮጌውን ሸክላ እንደገና አትሟል፤
"ኑ፣ ተጫወቱ፤ የድሮውን ብቻ፤ ሕዝቡ እሱን ይላል።"
ሄድን። ሮተርዳም ዝናብ ነበር፣
የመርከብ ዕቃ ይራገፍበት የነበረ መጋዘን፣
የልጅ ልጆቻችን የሚሆኑ ልጆች ጢም አድርገው ሞልተውታል፤
ቃሉን ሳያውቁት በቤምባ ይዘፍናሉ፤
ስላልተከፈለ ደሞዝ የገጠምነውን
ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ፍቅር።
አላረምናቸውም።
ደሞዝም ቢሆን ስንጠብቀው ፍቅር ይመስል ነበር።

ከዚያ ካፔምብዋ ዞሮ አየኝ። ያንን እይታ አውቀዋለሁ፤
ስፒከሩ የጠፋ ማታም እንደዚያ ነበር ያየኝ።
"አዲሱን" አለ።
ስም የለውም ገና፤ ሙሶንዳ "ሰባተኛው" ይለዋል፣
የቀደሙት ስድስቱ የት እንዳሉ ባይነግረንም።
ተጫወትነው፣ ዝቅ ባለው ቅኝት፣ ከነባዶ ቦታው።
ጥቂቶች ቢራ ሊገዙ ወጡ።
አንዲት ልጅ ኮቷን ልትለብስ ስትል፣ አንድ እጅጌ ላይ ቆመች፣
እስኪያልቅ ሌላውን ሳትለብስ።

አለቀ። ዝም።
"ወደዱት ወይ?" አለኝ ሙሶንዳ፣
በዚያ ድማሚት ባደነቆረው ድምፁ፣
አዳራሹ ሁሉ ሰማው፤ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ።
ምን ብዬ ልመልስለት?
ጣቴን አነሣሁ፤ አንድ፤ ሁለት፤
ሦስት ሳልል ካሱባ ገባች።