የቅዳሜ ሚዶ

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ፣
ረምላ ገባች ቤት፣ ደብተሯ ውስጥ አለ ወረቀት ተጠቅልሎ።
"ይድረስ ለእናቷ" ይላል፤ የቲቸር ደብሪቱ ጠንቃቃ እጅ ጽሑፍ፤
ቃሉን ግን አልጻፈች፤ "የራስ ንጽሕና" ብላ ነው የምታልፍ።

እኔ ግን ገብቶኛል።
ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ ጣቷ ከጆሮዋ ጀርባ አላረፈም፤
"ሻሹ ነው የበላኝ" ስትለኝ፣ ማመን ቀሎኝ ነበር፤ አልገለጥኩም።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤ ዓይኔን መርፌ ስሎታል፣
ክር ከክር መለየት እንጀራዬ ሆኗል።
መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ሹሩባዋን ፈታሁ፤
ቅጫም! ከፀጉሯ ሥር፣ እንደ ነጭ ጥልፍ ተሰድሮ አየሁ።
ፎረፎር ቢሆንማ እፍ ሲሉት ይበናል፤
ይህ ግን ልብስ ላይ እንዳለ ቁልፍ፣ የተሰፋ ይመስላል።

በሩን ዘጋሁ። መጋረጃ ሳብኩ።
ከማን እንደምደበቅ እንኳ አላወቅኩ።
"ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት። አንገቷን ደፋች።
"እማ፣ ቆሻሻ ነኝ?" ቀስ ብላ ጠየቀች።

ያኔ ምላጩ ታወሰኝ።
ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሰቃ፣ ከጓሮ በኩል፣ አክስቴ ላጨችኝ፤
ክረምቱን በሙሉ "ቅል ራስ! ቅል ራስ!" የሰፈሩ ልጅ ተከተለኝ።
ፀጉሬ በዓመቱ በቀለ፤ ያ ስም ግን አልረገፈም፤
የረምላን ራስ ምላጭ አይነካውም።

"አይደለሽም" አልኳት። "ቅማል ንጹሕ፣ ቆሻሻ፣ ሀብታም፣ ድሃ አይመርጥም፤
ራስ ከራስ ሲነካ ይሻገራል እንጂ፣ አይበርም፣ አይዘልም።"

ዓርብ ማለዳ ደግሞ ምክር በየበሩ፦
አንዱ "ነጭ ጋዝ ቅቢያት"፣ ሌላዋ "ፍሊት ንፊባት"፤ ሁሉም ሐኪም ነበሩ።
ነጭ ጋዝ! ከሰል በሚነድበት ቤት፣ የልጅ ራስ ላይ!
ፍሊት! ቅማል ልገድል ብዬ ልጄን ትንፋሽ ላሳጣት ወይ?

ሂርማታ መድኃኒት ቤት፣ መነጽራሙ ልጅ "ዕድሜዋ? ቁስል አላት?" ብሎ ጠየቀኝ፤
"አንዴ ቅቢ፣ በዘጠኝ ቀን ድገሚ፤ እንቁላሉን ሁሉ አይገድልም" አለኝ።
ጥርሰ ጥቅጥቅ ሚዶም ጨመረልኝ፦ "ዋናው ሥራ የዚህ ነው፤
ቤትሽን ብቻ ካከምሽ ግን፣ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።
ጎረቤት የለሽም?"
አለችኝ። ዘርፌ።
ሁለት ዓመት ሰላም ሳንባባል፣ ስታልፍ በደጃፌ።
ያጣላን አንድ ክንድ መሬት፣ የአጥር ነገር ነው፤
ልጆቻችን ግን በአጥሩ ሽንቁር ሻሽ ተዋውሰው፣
ራስ ለራስ ገጥመው፣ አንድ ስልክ ላይ ሲስቁ፣
እነሱም፣ ቅማሎቹም፣ ድንበራችንን አላወቁ።

ማታ በሯን አንኳኳሁ። "ምን ፈለግሽ?" አለች፣ ፊቷ ጠቁሮ።
ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ ቃሉ ወጣ ከአፌ፣ "ቅማል"፣ ተወርውሮ።
ዝም አለች። ከዚያ ሻሿን ገፋ አድርጋ አከከች፤
"ማርሸትም አላት። ሳምንቷ ነው። ማንን ላዋይ?" አለች። ሳቀች።

ቅዳሜ። ፀሐይ ወጣች፤ ጅማ እንደሆነች ፀሐይ አታበዛም።
በረንዳዬ ላይ ነጭ አንሶላ ዘረጋን፤ ነጭ ምንም አይደብቅም።
የትራስ ልብሱ፣ ሻሹ፣ ሹራቡ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ፣
አጥሩ ላይ ተሰጣ፤ ያ ያጣላን አጥር፣ ለልብስ ማስጫ ተቀጥሮ።

እኔ የማርሸትን፣ እሷ የረምላን ራስ ጉልበታችን ላይ አስደግፈን፣
ፀጉሩን በቅባት አርሰን፣
ከሥር እስከ ጫፍ ስበን፣ ሚዶውን ጠርገን፣ እንደገና ስበን፣
ረፈደ፣
ስለ አጥሩ አንድ ቃል ሳናነሳ።
ኋላ ዘርፌ፣ "አንቺስ?" አለች፣ ትከሻዬን ነካ።

ሻሼን ፈታሁ። ሰው ራሴን ከዳሰሰው ስንት ዘመኑ!
ጣቷ ከጆሮዬ ጀርባ ሲመላለስ፣ ዓይኖቼ ተከደኑ።
"አለች! ያዝኳት!" አለች፤ ልጆቹ ሊያዩ ሮጡ።

ሰኞ ሳምንት እንደግማለን። ቀኑን በጠመኔ በሬ ላይ ጻፍኩ።
ለቲቸር ደብሪቱም፣ በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ እንዲህ ስል ላኩ፦
"ቃሉን ይጻፉት። ቅማል ነው።
አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ነው፤ ለሦስቱም ይላኩ።"