አንሶላና ሽንብራ

ጥር ነው፤ በዊኒፔግ ፀሐይ አትቆይም፤
ብቅ ትላለች እንጂ፣ ቁጭ በይ ብትባል አትሰማም።
የመተኮሻውን ጣውላ መስኮት ስር አቆምኩ፣
ያደርኩበትን አንሶላ ገልብጬ አነጠፍኩ።

ሽንብራው ተቀቅሏል፣ ቀይ ሥሩ ተከትፏል፣
አቮካዶው ብቻ ጥቁር ነጥብ አውጥቷል፤
ነጥቡን በጎመን ቅጠል ሸፈን አደረግሁት፣
ሽንብራውን በዘይት፣ በብሩሽ ወለወልኩት፤
ለሰርግ ጫማዬ እንኳ እንዲህ አልደከምኩለት።

ወንበር ላይ ወጣሁኝ፣ ትንፋሼን ዋጥኩና፤
ኢዮስያስ ከፈረቃው ገባ፣ ጓንቱን በጥርሱ ሳበና፣
«ጾም ነው እንዴ?» አለኝ።
«አይ፣ እንዲሁ ነው» አልኩት።
«እንዲሁማ ከሆነ...»
ከመሃል ዘገነ፤
ሎሚው ተንከባለለ፣ ጣቴ ደንግጦ ተጫነ።

ከሃያው ፎቶ አንዱ ብቻ ነው፣ ሳየው የሚያስርበኝ፦
ደብዘዝ ያለው፣ የእጁ ጥላ ሳህኑን ሲያጎድልብኝ።