ስድስቱ ሣጥኖች

ሐምሌ ሲገባደድ በወጥ ቤታችን ውስጥ፣
ኢርያ ተቀምጣ ቅጹ ላይ ስታፈጥ፣
ስድስት ባዶ ሣጥን፣ ስድስት የዕጣ በር፣
መጀመሪያው ላይ ነው የእናቴ ዐይን የሚያድር።

ከሃያ ዐሥራ ዘጠኝ ላመጣች ልጅማ፣
"ሐኪም ነው እንጂ!" ይላል አቬይሮ ሲሰማ።
ዳቦ ጋጋሪው እንኳ፣ ባልታዛር ሽማግሌው፣
"ጉልበቴን ታክሚያለሽ" ብሏት ከዛሬው፣
አንድ ዳቦ መርቆ በየጠዋቱ፣
ቀብዱን እየከፈለ ነው ለወደፊቱ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ
ስታጥብ የኖረች፣ እጇ እስኪቀላ፣
እናቴ ኦዴት አንድ ነው የምትናፍቀው፦
ልጇ የለበሰችውን ጋወን ልትተኩሰው።

በሚያዝያ ወር ግን ትምህርት ቤት ወሰዳቸው፣
ሆስፒታል ሊያዩ፣ ሙያው እንዲስባቸው።
ሌሎቹ ሐኪሙን ሲከተሉ፣
ራጁን በብርሃን እያዩ "ወይ ጉድ!" ሲሉ፣
ኢርያ ቀረች ኮሪደሩ ላይ፣
ቧንቧ ሥር የነጣ ግድግዳ ስታይ።
ቀለሙ ተነፋፍቶ፣ ጡቡ አብቦ፣
አመዳይ መስሎ ጨው ከውስጥ ተስቦ።
እግር የሌለው ውኃ፣ አዝሎ ጨዉን፣
እንዴት ሽቅብ ወጣ? ማን ጎተተው ይህን?
ነርሷ ሦስቴ ጠራቻት፤ እሷ ግን በጣቷ
ጠርጋ ቀመሰችው፤ "ጨው" አለ አንደበቷ።

እናም በዚያ ምሽት፣ ከስድስተኛው ሣጥን
የተወሸቀውን፣ የሕንጻ ቁስ ጥናትን፣
ወደ ላይ ወሰደች፤ አንደኛ አደረገች፤
ሕክምናን ሰረዘች፣ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ግድግዳ ያበላል?" አለች እናቴ ቀስ ብላ።
"አላውቅም" አለች ኢርያ፤ አልጨመረችም ሌላ።
እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በር ጀርባ ቆሜ፣
ቁጣውን ጠበቅሁት ጥርሴን ገጥሜ።

ቁጣው አልመጣም።
"ለእኔ አንድም ሣጥን አልሰጠኝም ማንም፤
የአንሶላ ቁልል እንጂ ምርጫ አላየሁም።
ግን ዐይኔን ጨፍኜ አንሶላውን ብነካ፣
የወላድ ነው የሟች፣ አልስትም ለካ።
ይህን የሚያህል ዕውቀት በጣቴ ላይ ሳለ፣
'ምን ትወጃለሽ?' ብሎ የጠየቀኝ የለ።"
ተነሥታ ምድጃውን ከቦታው ገፋችው፤
ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ዳሰሰችው፤
ጣቷን ላሰች።
"ጨው ነው" አለች። ሌላ ምንም አላለች።

ስድስት ዓመት ሆነው። ባልታዛር ያው ያነክሳል፤
የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ግን ዛሬ ይተነፍሳል፤
ኢርያ ናት ያከመችው፣ ጨዉን ከውስጥ አውጥታ፤
ቀብዱ አልባከነም፣ ጉልበቱ ባይበረታ።

አሁን ቅጹ የኔ ነው፤ ስድስቱም ባዶ ናቸው።
ውጤቴ ዐሥራ ሦስት፤ ሰፈሩም ዝም አላቸው።
ግድግዳ የለኝም እኔ፤ ሁሉን ቀምሻለሁ፣
ሕጉን፣ ሒሳቡን፣ ባሕሩን፤ ምላሴን አጥብቻለሁ።
ለኢርያ ስደውል ማንን ልሁን ብዬ፣
"ማንም ሳያዝህ የት ትዘገያለህ?" አለችኝ ወንድሜ።

አሰብኩ።
ማታ ማታ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤
መውረጃዬን አልፌ እስከ ዳር እሄዳለሁ፣
ማን የት እንደሚወርድ፣ አሮጊቷ ስትሮጥ
ሾፌሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ስቆጥር።
ይህ ሙያ ነው? ስም አለው? አላውቅም።
በእርሳስ ጻፍኩት፣ ሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን፣ ከጠርዙ፣
እንዲጠፋ አድርጌ፣ ግን እንዲነበብ።